የስድስቱ አውራ ዶሮዎች ሊቅ
የአርኖልድ አዶልፍ በርቶልድ የሕይወት ታሪክ

በአገራችን ሙክት በግ ወይም ሙክት ፍየል ሳያይ ያደገ ልጅ አይገኝም። ወጠጤ ፍየል በልጅነቱ ከተኮላሸ ጠረኑ ይጠፋል፤ ጠበኛነቱ ይቀራል፤ ሥጋውም ይሰባል። ወይፈንም እንዲሁ በጊዜው ሲቀጠቀጥ የኮርማነቱን ቁጣ ትቶ ቀንበር የሚሸከም ገራም በሬ ይሆናል። ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ የጥንት አባቶችም ያውቁት ነበር። ነገር ግን ከእንስሳው ሰውነት ትንሽ ብልት በመውጣቱ ብቻ ድምፁ፥ ጠባዩና የሰውነቱ አቋም ሁሉ የሚለወጠው በምን ምክንያት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ለብዙ ሺሕ ዓመታት ትክክለኛውን መልስ የሚሰጥ ሰው አልተገኘም ነበር።

የዚህን ጥያቄ መልስ መጀመሪያ በፈተና ያረጋገጠው አርኖልድ አዶልፍ በርቶልድ የተባለ የጀርመን አገር ሐኪምና የተፈጥሮ ሊቅ ነው። ያረጋገጠውም በስድስት ለጋ አውራ ዶሮዎች ነው። ዛሬ ስለ ሆርሞን የሚያጠኑ ሊቃውንት የትምህርታቸውን አመጣጥ ሲተርኩ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ስም ይጀምራሉ። እርሱ ግን በሕይወቱ ሳለ ስለዚህ ሥራው የሚገባውን ምስጋና አላገኘም። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንባቢዎች በአጭሩ ማቅረብ መልካም መስሎ ታይቶኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በርቶልድ በየካቲት ወር 1803 ዓ.ም. በቬስትፋሊያ አውራጃ ዞስት በምትባል ጥንታዊት ከተማ ተወለደ። ያን ጊዜ ዛሬ ጀርመን የምንላት አገር በብዙ ትንንሽ መንግሥታት የተከፋፈለች ነበረች፤ ናፖሊዮንም አውሮፓን በጦር የሚያናውጥበት ዘመን ነበረ። ልጁ ያደገው በዚህ ሁከት መካከል ሲሆን፥ ዕድሜው ለከፍተኛ ትምህርት ሲደርስ ወደ ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ሕክምና ተማረ። በ1823 ዓ.ም. ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ የሐኪምነት ማዕረግ ተቀበለ። ከዚያም በኋላ ዕውቀቱን ለማስፋት ወደ በርሊንና ወደ ፓሪስ ሄዶ የታወቁ የሕክምናና የእንስሳት ጥናት መምህራንን ጎበኘ። ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ ጌቲንገን ተመልሶ አስተማሪ ሆነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ድረስ ከዚያች ከተማ አልወጣም።

ጌቲንገን በዚያ ዘመን ትንሽ ከተማ ብትሆንም የዕውቀት ምንጭ ነበረች። የሒሳብ ንጉሥ የሚባለው ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በዚያው ያስተምር ነበር። ስለ ሰው ዘር የጻፈው ብሉመንባክም በዚያ ነበረ። እንዲህ ባሉ ታላላቅ ሰዎች መካከል የሚኖር ወጣት መምህር ስሙን ለማስጠራት ብዙ መድከም ይኖርበታል። በርቶልድም ደከመ። በ1829 ዓ.ም. ለተማሪዎችና ለሐኪሞች የሚሆን ስለ ሰውነት ሥራ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም ተወዶ በኋላ ደጋግሞ ታተመ። በ1835 ዓ.ም. የፕሮፌሰርነት ማዕረግ አገኘ።

እኛ ተማሪዎች በኬሚስትሪ ክፍል የቡንሰንን ምድጃ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ ምድጃ የተጠራበት ሮበርት ቡንሰን በወጣትነቱ በጌቲንገን ያስተምር ነበርና ከበርቶልድ ጋር አብረው ሠርተዋል። የሠሩትም ሥራ ብዙ ሰው ያዳነ ነው። በዚያ ዘመን አርሴኒክ የተባለው መርዝ በየቤቱ ለአይጥ ማጥፊያ ይቀመጥ ስለ ነበር፥ በስሕተትም ሆነ በክፋት እርሱን የሚቀምስ ሰው ብዙ ነበረ፤ መድኃኒትም አልነበረውም። ሁለቱ ወጣቶች ብዙ እንስሳትን ፈትነው በ1834 ዓ.ም. መልሱን አገኙ። ከብረት ዝገት ጋር የሚዛመድ፥ በውሃ ውስጥ አዲስ የተዘጋጀ የብረት ውሕድ ወዲያው ከተጠጣ መርዙን በሆድ ውስጥ ይይዘዋል፤ መርዙም ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ይህ መድኃኒት ለብዙ ዘመን በሐኪሞች እጅ ይገኝ ነበር።

ይህን ታሪክ ያስገባሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በርቶልድ ገና በወጣትነቱ በሰውነት ውስጥ ያለ አንድ ነገር በደም አማካይነት ወደ ሌላው ክፍል እንደሚደርስ፥ በመንገድ ላይም ሊታገድ እንደሚችል ማሰብን ለምዶ እንደ ነበረ ከዚህ ሥራው እንረዳለን። በኋላ በአውራ ዶሮዎቹ ያሳየው ነገር ከዚህ አስተሳሰብ የራቀ አልነበረም።

የዚህ ሰው ትምህርት በአንድ ነገር ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲውን የእንስሳት ስብስብ ይጠብቅ ስለ ነበር ከሩቅ አገር ተጭነው የሚመጡትን ፍጥረታት እየመረመረ ስም ያወጣላቸው ነበር። ዛሬ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ጫካ የሚኖረውን፥ ከዓይኑ በላይ እንደ ቅንድብ የቆመ ቅርፊት ያለውን መርዘኛ እባብ በ1846 ዓ.ም. መጀመሪያ በሳይንስ መጽሐፍ የገለጸው እርሱ ነው። በቀን ተማሪዎችን ሲያስተምር፥ ሕመምተኛ ሲያይ፥ እባብና እንቁራሪት ሲመረምር የሚውል እንዲህ ያለ ሰው ከዕለታት አንድ ቀን ዓይኑን ወደ ዶሮ ቤት መለሰ።

ዶሮ ማኮላሸት በአውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። አውራ ዶሮ በለጋነቱ የዘር ፍሬዎቹ ከሆዱ ከወጡ ሥጋው ለምግብ ይለሰልሳል፤ ይሰባልም። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የተኮላሸ አውራ ዶሮ አክሊሉ እንደሚገረጣና መጮኽ እንደሚያቆም ጽፏል። በ18ኛው መቶ ዓመትም ጆን ሀንተር የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም የአውራ ዶሮን የዘር ፍሬ አውጥቶ በሌላ ዶሮ ሆድ ውስጥ ሊያበቅል ችሎ ነበር። ሆኖም ሀንተር ይፈልግ የነበረው የአንዱ ሰውነት ብልት በሌላው ላይ መብቀል መቻሉን ለማወቅ እንጂ ብልቱ ለሰውነት ምን እንደሚሠራ ለማወቅ አልነበረም።

በበርቶልድ ዘመን የነበሩት ብዙዎቹ ሊቃውንት አንዱ የሰውነት ክፍል ሌላውን የሚያዘው በነርቭ ነው ይሉ ነበር። እንግዲህ የዘር ፍሬ ሲወጣ አክሊል የሚገረጣውና ድምፅ የሚለወጠው የነርቭ መስመር ስለሚቋረጥ ነው ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ በወሬ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ግን ማን ፈተነው? በርቶልድ የጠየቀው ይህን ነው። ነርቩ ተቆርጦ የዘር ፍሬው ግን በሰውነት ውስጥ ቢቀር ዶሮው ምን ይሆናል? ጥያቄው አጭር ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት የነበሩት ሁሉ እንዲህ አድርገው አልጠየቁትም።

ዓመቱ 1848 ነበር። በዚያ ዓመት በፓሪስ፥ በቪየናና በበርሊን ሕዝብ በነገሥታቱ ላይ ተነሥቶ ነበርና አውሮፓ በሙሉ ታውኳል። በርቶልድ ግን ነሐሴ 2 ቀን 1848 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ቢላዋውን ይዞ ስድስት ለጋ አውራ ዶሮዎችን አኮላሸ። ሦስቱ የሁለት ወር፥ ሦስቱ የሦስት ወር ጎረምሶች ነበሩ። እነዚህንም በሦስት ጥንድ ከፈላቸው።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዶሮዎች ሁለቱንም የዘር ፍሬዎች አውጥቶ ጣለ። ከሁለተኛዎቹ አንዱን ፍሬ አውጥቶ ሌላውን ከበቀለበት ቦታና ከነርቩ ለይቶ በዚያው በሆዳቸው ውስጥ ተወው። ከሦስተኛዎቹ ደግሞ ሁለቱንም ፍሬዎች ካወጣ በኋላ የአንዱን ፍሬ በሌላው፥ የሌላውንም በዚህኛው ሆድ ውስጥ አስገባ። ከዚያም ቁስላቸውን ሰፍቶ ለቀቃቸውና ቀን በቀን ይመለከታቸው ጀመር። የሁለተኛውና የሦስተኛው ጥንድ ዶሮዎች የዘር ፍሬ ከቀድሞው ነርቭ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው አንባቢ ልብ ይበል። የነርቡ አስተሳሰብ እውነት ከሆነ ስድስቱም ዶሮዎች አንድ ዓይነት ስልቦች መሆን ነበረባቸው።

ወራት አለፉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዶሮዎች እንደ ተጠበቀው ሆኑ። በራሳቸው ላይ ያለው ቀይ አክሊልና ከጉሮሯቸው ሥር የሚንጠለጠለው ሥጋ ትንሽና የገረጣ ሆኖ ቀረ፤ የአውራ ዶሮ ጩኸት አልጮኹም፤ ከሌላ አውራ ዶሮ ጋር አልተጣሉም፤ ሴት ዶሮም አልተከተሉም፤ ሰብተው ዝም ብለው ይኖሩ ነበር። የቀሩት አራቱ ግን ያላንዳች ጉድለት አውራ ዶሮዎች ሆኑ። አክሊላቸው አደገና ቀላ፤ ጎሕ ሲቀድ ጮኹ፤ እርስ በርሳቸውና ከሌሎች ጋር ተፋለሙ፤ ሴት ዶሮዎችንም አሳደዱ። የራሱ ያልሆነ ፍሬ በሆዱ የገባበትም ዶሮ ቢሆን ከሌላው አላነሰም።

በርቶልድ በዚህ አልረካም። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዶሮዎቹ አንዳንዶቹን አርዶ ሆዳቸውን ከፍቶ ተመለከተ። የተወውም ሆነ ያዛወረው የዘር ፍሬ ከአንጀት ጋር ተጣብቆ በቅሎ አገኘው። አዲስ የደም ሥሮች ገብተውበታል፤ በውስጡም ዘር ይገኛል። የቀድሞው ነርቭ ግን አልተመለሰም። እንግዲህ ፍሬውን ከሰውነቱ ጋር የሚያገናኘው የደም ሥር ነው። በርቶልድም ከዚህ የተነሣ የዘር ፍሬ በደም ላይ እንደሚሠራ፥ ደሙም በበኩሉ በመላው ሰውነት ላይ እንደሚሠራ ወሰነ። ይህ ቃል በቀላሉ ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሆርሞን የሚባለው ነገር ስሙ እንኳ ከመፈጠሩ 57 ዓመት በፊት የሆርሞንን ሥራ በትክክል የገለጸ ቃል ነው።

በ1849 ዓ.ም. ውጤቱን ለጌቲንገን የሊቃውንት ማኅበር ነገረ፤ ዮሐንስ ሙለር በበርሊን በሚያዘጋጀው መጽሔትም አሳተመው። ጽሑፉ ከአምስት ገጽ አይበልጥም ነበር። ታላቅ ወሬ አልተነሣም። ይባስ ብሎ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሰውነትን ሥራ የሚያስተምረው ሩዶልፍ ቫግነር ፈተናውን ሊደግም ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። ያዛወረው የዘር ፍሬ በዶሮዎቹ ሆድ ውስጥ አልበቅል አለው። ቫግነር በዚያ ዘመን የተከበረ መምህር ስለ ነበር የርሱ አለመሳካት ከበርቶልድ መሳካት ይልቅ ተሰማ። ዛሬ ላይ ሆነን ስንመለከተው ነገሩ አያስደንቅም። ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው የተዛወረ ብልት ብዙ ጊዜ እየተበላሸ ይቀራል፤ ደም የሚያስገባ ሥር ካልበቀለለት ይሞታል። እጅ ያልተሳካለት መሆኑ ግን ሐሳቡ ሐሰት መሆኑን አያስረዳም ነበር።

በርቶልድ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር ረጅም ክርክር አልያዘም፤ ወደዚያ ጥናትም አልተመለሰም። ወደ ተማሪዎቹና ወደ እንስሳት ስብስቡ ተመልሶ ሲሠራ ኖረና በየካቲት ወር 1861 ዓ.ም. በጌቲንገን በ57 ዓመቱ አረፈ። በሞተ ጊዜ የሚያውቁት ሰዎች ያስታወሱት መምህርነቱን፥ መጽሐፉን፥ የአርሴኒክ መድኃኒቱን ነበር። ስድስቱ አውራ ዶሮዎች ግን ተረሱ።

ከሞተ 28 ዓመት በኋላ በ1889 ዓ.ም. ሌላ ሰው በዚህ ጉዳይ ዓለምን በወሬ ሞላው። ብራውን ሴካር የተባለው የ72 ዓመት ዕድሜ የነበረው የፓሪስ መምህር ከውሻና ከሌላ ትንሽ እንስሳ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ በራሱ ሰውነት ላይ በመርፌ ወጋና ጉልበቴ ታደሰ ብሎ ተናገረ። ጋዜጦች ሁሉ ጻፉት፤ ብዙ ሽማግሌዎችም ተከተሉት። በኋላ እንደ ታወቀው በውሃ የተዘጋጀው ጭማቂ ያን ያህል የሚሠራ ነገር አልነበረበትም፤ ታደስሁ ያሰኘው የራሱ ተስፋ ነበር። እንግዲህ ያልተረጋገጠው ነገር በዓለም ሲጮኽ የተረጋገጠው ነገር በአሮጌ መጽሔት ውስጥ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

በ1905 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ በደም ውስጥ እየሄዱ ሌላውን የሰውነት ክፍል የሚያዝዙትን ነገሮች ሆርሞን ብሎ ሰየማቸው፤ ስሙም መቀስቀስ ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ሊቃውንት የድሮ መጻሕፍትን ሲመረምሩ የበርቶልድን ጽሑፍ አገኙና ተደነቁ። በ1927 ዓ.ም. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኮክና ተማሪው ማክጊ 18 ኪሎ ግራም ያህል የኮርማ የዘር ፍሬ ጨምቀው 20 ሚሊ ግራም ብቻ የምትሆን ቅመም አገኙ። ያቺን ቅመም ለተኮላሸ አውራ ዶሮ ቢወጉት የገረጣው አክሊሉ አደገና ቀላ። የዶሮ አክሊል፥ በርቶልድ ይመለከተው የነበረው ያው አክሊል፥ የአዲሱ ጥናት ሚዛን ሆነ ማለት ነው። በ1935 ዓ.ም. በአምስተርዳም የነበሩ ሊቃውንት ቅመሙን አጥርተው ቴስቶስቴሮን አሉት፤ በዚያው ዓመት ቡተናንትና ሩዚችካ በኬሚስትሪ ሠሩት፤ በ1939 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለሁለቱ ተሰጠ።

የበርቶልድ ጥያቄ ግን በዚህ አላበቃም። እርሱ የፈተነው ከዕንቁላል ወጥተው ሁለትና ሦስት ወር የሞላቸውን ዶሮዎች ነው። ገና በእናቱ ማሕፀን ያለው ፅንስስ ወንድ የሚሆነው በምን ነው? ይህን የፈተነው አልፍሬድ ዦስት የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ዦስት በማሕፀን ካለ የጥንቸል ፅንስ ላይ የዘር ፍሬውን ሳይወለድ በፊት አውጥቶ እናቲቱን መልሶ ሰፋ። ውጤቱን በ1947 ዓ.ም. አወጣ። የዘር ፍሬው በጊዜው የወጣበት ፅንስ፥ በተፈጥሮው ወንድ ሊሆን የነበረው እንኳ ቢሆን፥ አካሉ እንደ ሴት ሆኖ አደገ። ዦስት ከዚህ ሌላ አንድ ረቂቅ ነገር አስተዋለ። በፅንሱ ውስጥ ቴስቶስቴሮን ቢያስቀምጥ የወንድነት መንገዶች ይበቅላሉ፤ ማሕፀን ሊሆን የተዘጋጀው ክፍል ግን አይጠፋም። ስለዚህ የፅንሱ የዘር ፍሬ ሁለት ሆርሞኖችን ያወጣል፤ አንዱ የወንዱን አካል ይገነባል፥ ሁለተኛው የማሕፀኑን መነሻ ያጠፋል።

ከዚህ በኋላ ሊቃውንት ያለ ቢላዋ ማኮላሸትን አወቁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቴስቶስቴሮን በደም ሄዶ ወደ አንድ ሕዋስ ሲደርስ እንደ ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ አለው፤ ቁልፉ ካልገባ በሩ አይከፈትም። በ1960ዎቹ ዓመታት በበርሊን ሲፕሮቴሮን የሚባል መድኃኒት ተሠራ። ይህ መድኃኒት ቁልፉን ሳይነካ ቀዳዳውን ቀድሞ ይይዘዋል። ከእርሱ በኋላም ፍሉታማይድ የሚባለው መጣ። ለእርጉዝ አይጥ ሲሰጥ ወንዶቹ ግልገሎች የዘር ፍሬ ኖሯቸው፥ ሆርሞኑንም እያመነጩ፥ የውጭ አካላቸው ወደ ሴት አካል ያዘነበለ ሆኖ ተወለዱ። ወንድ አይጥ በተለምዶ ጡት የለውም፤ እነዚህ ግን እንደ እኅቶቻቸው የጡት ጫፍ በቀለላቸው። አንዳንዶቹም የዘር ፍሬያቸው ወደ ቦታው ሳይወርድ ቀረ። ማሕፀን ግን አልነበራቸውም፤ መድኃኒቱ የከለከለው አንዱን ሆርሞን ብቻ ነውና ሁለተኛው ሥራውን ፈጽሞ ነበር። በዚህም የዦስት ቃል ተረጋገጠ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የጊዜው ነገር ነው። ይኸው መድኃኒት ላደገ ወንድ አይጥ ቢሰጥ የወንድነት ዕጢዎቹ ይቀንሳሉ፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን በብዛቱ ይመለሳሉ። ለፅንስ ሲሰጥ ግን የሆነው ሁሉ አይመለስም። በ2008 ዓ.ም. በኤዲንብራ የነበሩ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፥ በአይጥ ፅንስ ይህ ዋና ጊዜ ከእርግዝናው 15ኛ ቀን ተኩል እስከ 18ኛው ቀን ተኩል ድረስ ያለው ሦስት ቀን ያህል ብቻ መሆኑን አሳዩ። የአይጥ እርግዝና ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። በእነዚያ ጥቂት ቀኖች ሆርሞኑ ከታገደ በኋላ ቢበዛለትም ያመለጠው አይተካም። በዘር ወቅት ያልተዘራ እርሻ በመከር ወቅት ውሃ ቢያጠጡት እህል እንደማይሰጥ ያለ ነው።

ይህ ጥናት ከትምህርት ክፍል ውጭ ያሉትንም ይመለከታል። ቪንክሎዞሊን የተባለ በወይንና በአትክልት ላይ የሚወጣውን ሻጋታ ለማጥፋት የሚረጭ መድኃኒት ነበረ። በ1994 ዓ.ም. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህ የእርሻ መድኃኒት ለእርጉዝ አይጦች ሲሰጥ በወንዶቹ ግልገሎች ላይ ያንኑ ጉዳት እንደሚያደርስ አሳዩ። ሻጋታ ለመግደል የተሠራ ነገር የሆርሞንን ቀዳዳ ይዘጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር አዲስ የእርሻ መድኃኒት ሲወጣ በእናትና በፅንስ ላይ የሚያደርሰው ነገር በጥንቃቄ ይመረመራል። በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው ላይ እንዲሁ ይሆናል ማለት አይቻልም፤ የመድኃኒቱ መጠንና ጊዜው ይለያያልና። ቢሆንም መርጫ ዕቃና የመድኃኒት ቆርቆሮ በሚገኝበት ቤት፥ ወላጆች፥ ይልቁንም እርጉዝ እናቶች፥ እንዲጠነቀቁ ማሳሰብ አስፈላጊ ነው። ባዶ ሆነ ተብሎ የመድኃኒት ጄሪካን ውሃ መቅጃ ሊሆን አይገባውም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሆርሞንን የሚያግዱ መድኃኒቶች ሰውን የሚጠቅሙ ሆነዋል። በ1941 ዓ.ም. በቺካጎ ቻርልስ ሀጊንስ በሽማግሌ ወንዶች ላይ የሚደርሰው የፕሮስቴት ዕጢ ነቀርሳ በወንድ ሆርሞን እንደሚፋፋ፥ ሆርሞኑም ሲቀነስ እንደሚዳከም አሳየ፤ ስለዚህም በ1966 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ዛሬ በብዙ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የሚሰጡት መድኃኒቶች ያንኑ ቀዳዳ የሚዘጉ ወይም ሆርሞኑን የሚቀንሱ ናቸው። በፅንስ ላይ ጥፋት የሆነው ነገር በሽማግሌው ላይ ዕድሜ ማራዘሚያ ሆነ። መድኃኒት ለማን፥ መቼና ምን ያህል እንደሚሰጥ ማወቅ የሐኪም ትልቁ ጥበብ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ይህ ሁሉ ዛፍ የበቀለው በርቶልድ በ1848 ዓ.ም. ከዘራው ዘር ነው። እርሱ ግን ጥላው ሥር ሳይቀመጥ ሞተ። የኖቤል ሽልማት በእርሱ ዘመን አልነበረም፤ ቢኖርም ለስድስት ዶሮ ማን ይሰጥ ነበር? በዚያው በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ እንኳ ሥራውን የተቀበለለት ሰው አላገኘም። ሆኖም የጻፈው ነገር እውነት ስለ ነበር 60 ዓመት ቢተኛም አልበሰበሰም።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ታሪክ የምንወስደው ነገር ብዙ ነው። መጀመሪያ፥ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚያየውን ነገር ለምን ብሎ መጠየቅ። ሙክቱን ሁላችንም አይተነዋል፤ የጠየቀን ግን ጥቂት ነን። ሁለተኛ፥ ለማነጻጸር የሚሆን ነገር ማስቀመጥ። በርቶልድ ሁለቱን ዶሮዎች ያለ ዘር ፍሬ ባይተው ኖሮ የአራቱ ነገር ምንም ባላስረዳው ነበር፤ መምህራኖቻችን በላቦራቶሪ ይህን ደጋግመው የሚነግሩን በከንቱ አይደለም። ሦስተኛ፥ ያገኙትን ነገር በትክክል ጽፎ ማስቀመጥ፤ ዛሬ ባይሰማ ነገ ይሰማልና። አራተኛ፥ የሌላውን ሥራ ስንደግም ቢበላሽብን ሐሰት ነው ለማለት አንቸኩል፤ ምናልባት የተሳሳተው የራሳችን እጅ ይሆናል።

አባቶቻችን ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። የበርቶልድም ዕንቁላል ከብዙ ዘመን በኋላ ተፈልፍሎ በእግሩ ሄዷል። ነገ ጧት አውራ ዶሮ ጮኾ ሲቀሰቅሰን ያ ድምፅ በዶሮው ደም ውስጥ ከሚሄድ ነገር የሚመጣ መሆኑን፥ ይህንንም መጀመሪያ በፈተና ያሳየን አንድ የተረሳ መምህር መሆኑን እናስብ። ከዚያም ተነሥተን ወደ ትምህርታችን እንሂድ።